ባለይዞታው ማን ነው? የመሬት ሕግና የአርሶ አደሩ መብት በጌዴኦ

እንደሚታወቀው በጌዴኦ የአንድ ቤተሰብ ሀብት በአብዛኛው በአንድ ማሳ ላይ የተሰበሰበ ነው። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፣ በመካከሉ ጎመኑና ቦዬው አንድ ላይ ይበቅላሉ። የብዙው ቤተሰብ ማሳ ከአንድ ሔክታር በታች በመሆኑ የወሰን ድንጋይ ጥቂት ክንድ ቢገፋ እንኳ ለዓመታት የለፉበትን የቡና እግር ይዞ ይሄዳል። በመሆኑም «ይህ መሬት የማን ነው? ያለ መብት የገባበትስ በምን ሥርዓት ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ለጌዴኦ አርሶ አደር የችሎት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጉርስና የልብስ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪም ጉዳይ ነው።

ባለመብትን የሚጠብቅና ያለ መብት የገባን የሚያስወጣ ሕግ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በየዘመኑ የነበሩ መንግሥታት ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሕግ ነበራቸው። ልዩነቱ ባለመብት የሚባለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። አያቱ በተከለው እንሰት መካከል እየኖረ፣ ስሙ በመዝገብ ላይ ባለመስፈሩ ብቻ በሰው መሬት እንደተቀመጠ ሰው ይቆጠር የነበረው የጌዴኦ ገበሬ የዚህ ታሪክ ዋና ምስክር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስና ዛሬ ለሚገኙ የህብረት ሥራ አባላትና ለመስተዳድር አካላት የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ከቀላድ በፊትና በኋላ

ጌዴኦ ሰባት ጎሳዎች ያሉት፣ በባሌ ሥርዓት የሚተዳደር፣ ጉዳዩን በሶንጎ ተሰብስቦ የሚመክር ሕዝብ ነው። መሬት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው በዚሁ የጎሳ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ወሰን የሚታወቀው በዛፍ፣ በድንጋይ፣ በወንዝና በሽማግሌ ምስክርነት ነው። ጠብ ሲነሳም ሶንጎ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ቀርቦ፣ የቀድሞውን የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠይቆ ይፈታ ነበር። ይህ ሥርዓት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ጽሑፍ ሳያስፈልገው ይሠራል። ችግሩ የመጣው ጽሑፍ የያዘ እንግዳ ሲመጣ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የጌዴኦን ገበሬ ያህል የደረሰበት ጥቂት ነው።

በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ሥር ሲገባ የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት ተተከለ። ሲዳሞን በተለያየ ጊዜ እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ያስተዳደሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን ገበሬ በመመደብ ነበር። የተመደበው ገባር እህል፣ ማርና ማገዶ ያቀርባል፤ የጌታውን ቤት ይሠራል፤ አጥሩን ያጥራል። በዚህ ደረጃ የተከፋፈለው በዋናነት የገበሬው ጉልበትና ግብር እንጂ መሬቱ ራሱ አልነበረም። ገበሬው ሸክሙ ቢከብድም በአያቱ ጓሮ ላይ ነበር።

መሬቱን ራሱን ወደ ሌላ ሰው ስም ያዞረው ቀላድ ነው። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ሲሆን፣ በገመዱ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠር ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር ይገመታል። መሬቱ ተለክቶ ሲያልቅ ከፊሉ በሲሶ ስም ለአካባቢው ባላባት ይተውለታል፤ የቀረው ለመንግሥት ሆኖ ለወታደር፣ ለሹም፣ ለቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ውለታ ለቆጠረላቸው ሰዎች ይሰጣል። ገመድ ጣዮቹ ማሳው ላይ ማን እንሰት ተከለ፣ ማን ቡና አፈላ ብለው አይጠይቁም። መዝገቡ የጋሻውን ቁጥርና የተሰጠውን ሰው ስም ይይዛል። በአንድ ጋሻ ላይ ይኖሩ የነበሩ በርካታ ቤተሰቦች ሳይንቀሳቀሱ፣ ቤታቸውን ሳይለውጡ፣ ከባለርስትነት ወደ ጭሰኝነት የወረዱት በዚህ መንገድ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተመለሰው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1934 ዓ.ም. እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆችን አወጣ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ። በመጀመሪያው አዋጅ የአንድ ጋሻ ግብር እንደ ቅደም ተከተላቸው 15፣ 10 እና 5 ብር ነበር። የገባርነት የጉልበት ግዴታ በሕግ መቅረቱ ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ አዋጆቹ ሌላ ውጤትም ነበራቸው። ግብር በስሙ የሚከፍል ሰው የግብር ደረሰኝ ይይዛል፤ ደረሰኙም የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል። ጭሰኛው የሚከፍለው ለባለመሬቱ እንጂ ለመንግሥት ባለመሆኑ እጁ ላይ ምንም ወረቀት አይቀርም። ባለመሬቱ ከጭሰኛው በተቀበለው ምርት ግብሩን ከፍሎ፣ በጭሰኛው ላብ የራሱን ማስረጃ በየዓመቱ ያጠነክር ነበር።

የሚጪሌ አመፅና የፍትሐ ብሔር ሕጉ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ከፍ ሲል በደራሳ አውራጃ (የዛሬው ጌዴኦ ያኔ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር) የመሬት ፍላጎት አብሮ ጨመረ። ቀድሞ የእህልና የማር መዋጮ ይበቃቸው የነበሩ ባለመሬቶች ዓይናቸውን በቡናው ላይ ጣሉ። ለባለመሬቱ ከሚገባው ድርሻ ሌላ ልዩ ልዩ መዋጮ ይጠየቅ ጀመር። ቡና ደግሞ እንደ ጤፍ ዛሬ ተዘርቶ በወራት የሚታጨድ አይደለም። ጭሰኛው ችግኙን ተክሎ ለዓመታት ከኮተኮተ በኋላ፣ ማፍራት ሲጀምር ድርሻው እንዲያንስ ወይም ልቀቅ እንዲባል መፍቀድ የዕድሜ ልፋትን ማስረከብ ነው።

ምሬቱ በ1952 ዓ.ም. ወደ አመፅ ተለወጠ። የጌዴኦ ገበሬዎች የተጠየቁትን አንከፍልም አሉ። ሚጪሌ በተባለው ቦታ በተደረገው ግጭት ጦር የያዙት ገበሬዎች ጠመንጃ ከያዘ ወገን ጋር ገጠሙ። ብዙ ገበሬዎች ሞቱ፤ አመፁም በኃይል ተገታ። የገበሬው ጥያቄ መሬት ከሰው ለመውሰድ ሳይሆን ከገዛ ጓሮው ላለመነቀል ነበር። ነገር ግን በጊዜው መዝገብ መሠረት ባለመብቱ ሌላ ሰው ስለነበር፣ ሕግ አስከባሪው የቆመው ለዚያ ሰው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት ዘመን ገበሬው ይግባኝ የሚልበት በርም ጠባብ ነበር።

የሚያስገርመው ሀገሪቱ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያወጣችው በዚያው በ1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ይህ ሕግ በብዙ መልኩ የተሟላ ነበር። ይዞታውን የተነጠቀ ወይም ሁከት የተነሳበት ሰው ንብረቱ እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት የመክሰስ መብት ሰጥቷል። ይሁንና በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ ለ15 ተከታታይ ዓመታት በስሙ ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት እንደሚሆን ሲደነግግ፣ ደረሰኝ የሌለው ጭሰኛ 15 ዓመት ቀርቶ 50 ዓመት ቢኖርበትም ከዚህ አይጠቀምም ነበር። ስለ እርሻ መሬት ኪራይ በተጻፈውም ክፍል የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በሌላ አነጋገር እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ መውሰድ በሕግ የተፈቀደ ነበር ማለት ነው። እርቦ ከብዶት ለተነሳ ገበሬ ይህ ጥበቃ ሊባል አይችልም።

እንዲህ ያለው ታሪክ የጌዴኦ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አሜሪካ ቡና አብቃይ በሆነችው ኤልሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 የወጡ ሕጎች የመንደር የጋራ መሬቶችን ሽረው ወደ ግል ይዞታ እንዲዞሩ አደረጉ። የባለቤትነት ወረቀት ለማውጣት ያልቻሉ በርካታ ነባር ገበሬዎች መሬታቸው ወደ ቡና እርሻ ባለቤቶች እጅ ገብቶ፣ በቀድሞ ቦታቸው የቀን ሠራተኞች ሆነዋል። የቡና ዋጋ ከፍ ባለበት ሁሉ ወረቀት የሌለው ገበሬ ቀድሞ ይገፋል።

ከመሬት ለአራሹ እስከ አዋጅ 31

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች (ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ) «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ጉዳይ በሚኒስቴር ደረጃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመለት። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ለምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱ ውስጥ ብዙ ባለርስቶች ስለነበሩ ረቂቁ ዘውዳዊው መንግሥት እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ ሕግ ሆኖ አልወጣም። በዚሁ ጊዜ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ትራክተርና ማዳበሪያ እርሻን አትራፊ ሲያደርጉት ባለመሬቶች ራሳቸው ማረስ በመፈለጋቸው በርካታ ጭሰኞች ተባረዋል። የግብርና እድገት ብቻውን ያለ ይዞታ ዋስትና ገበሬውን እንደማይጠቅም የታየው ያኔ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የግል የመሬት ባለቤትነት ቀረ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ተሻረ። ጭሰኛው በሚያርሰው መሬት ላይ የመጠቀም መብት አገኘ፤ ለባለመሬቱ የነበረበት ዕዳም ተሰረዘ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለመሬቱ ካሳ አይከፈልም ተባለ። በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሔክታር መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ማኅበራቱና የፍርድ ሸንጎዎቻቸው ተጠናከሩ። በሕግ ፊት ሰፋሪ ይባል የነበረው ገበሬ ባለመብት ሆነ፤ ባለመብት የነበረውም መዝገቡን እንደያዘ ቀረ።

የጌዴኦ ገበሬ ለዚህ አዋጅ ያለው ትዝታ በጎ ነው። ሆኖም አዋጁ አንድ ክፍተት ነበረው። መሬቱ ለገበሬው የተሰጠ ቢሆንም የየግለሰቡ ማሳ ወሰንና ስፋት የተመዘገበበት፣ በራሱ እጅ የሚቆይ ማስረጃ አልተሰጠውም። የማን ማሳ የት እንደሆነ የሚታወቀው በገበሬ ማኅበሩ መሪዎች መዝገብና ትውስታ ነበር። መሬት መሸጥ፣ ማከራየትና ማስያዝ ተከልክሏል፤ ማኅበሩም መሬት የማደላደል ሥልጣን ነበረው። በአምራቾች ህብረት ሥራ ማህበር ዘመን ገበሬው ማሳው ለጋራ እርሻ ይወሰድብኝ ይሆን በሚል ስጋት ውስጥ ይኖር ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በሀገሪቱ በርካታ የአምራቾች ማህበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ መፍረሳቸው ገበሬው ለግል ማሳው የሚሰጠውን ቦታ ያሳያል። ባለመሬቱ ቢወገድም የይዞታ ዋስትና ጥያቄ አልተወገደም ነበር።

ከሕገ መንግሥቱ እስከ ይዞታ ደብተር

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አስፍሯል። ከዚሁ ጋር አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብቱ የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል። በጉልበቱና በገንዘቡ ባፈራው ቋሚ ሀብት ላይም ሙሉ መብት ይሰጠዋል። የቡና እግርና የእንሰት ተክል እንግዲህ የአርሶ አደሩ ናቸው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን ቢፈልገው በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ መክፈል ይኖርበታል።

ይህን መርህ ወደ ሥራ ለመለወጥ መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 89/1989፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ወጣ። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110ን አወጣ። የ456/1997 ትልቁ ቁም ነገር ማንኛውም የገጠር መሬት ባለይዞታ መሬቱ ተለክቶ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲያገኝ ማድረጉ ነው። መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጓል። በቀላድ መዝገብ ገበሬው ራሱ ስም ያልነበረው መሆኑ ሲታሰብ፣ አንዲት የኮንጋ ወይም የአራሞ እናት ስሟን በደብተር ላይ ማየቷ ቀላል ለውጥ አይደለም። አዋጁ የይዞታ ክርክር በመጀመሪያ በውይይትና በስምምነት፣ ይህ ካልሆነም በሽምግልና እንዲታይ መንገድ ስለከፈተ፣ ለሶንጎ ልማድ ቅርብ የሆነ አሠራር በሕግ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። በ2016 ዓ.ም. ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚቻልበትን መንገድ በመክፈቱ የደብተሩን ዋጋ ይበልጥ ከፍ አድርጎታል።

ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬት ካሳም እንዲሁ ተሻሽሏል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር ከንብረቱ ካሳ ሌላ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ስሌቱ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ሆኗል። ለምሳሌ ከማሳው በከፍተኛው ዓመት 40,000 ብር ያገኘ አርሶ አደር ከተክሉ ካሳ በተጨማሪ 600,000 ብር የመፈናቀያ ካሳ ይሰላለታል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ፣ ገቢውንም በማስረጃ ለሚያሳይ ሰው ነው። ለህብረት ሥራ ማህበሩ እሸት ቡና ሲያስረክብ የተቀበለውን ደረሰኝ ያስቀመጠ አባል ገቢውን ማሳየት አይቸግረውም።

ያለ መብት የገባ እንዴት ይወጣል?

ዛሬ በማሳው ላይ ሰው የገባበት፣ ወሰኑ የተገፋበት ወይም አጥሩ የፈረሰበት አባል ያሉት መንገዶች ግልጽ ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ይዞታ የደነገገው ክፍል አሁንም በፍርድ ቤቶች ይሠራበታል። በቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ክስ ነጠቃው ወይም ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ያለበት መሆኑ ነው። «ጎረቤቴ ነው፣ ነገ ይመለሳል» እያለ ሦስት የቡና ለቀማ ያሳለፈ ሰው ይህንን ቀላሉን መንገድ ሊያጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመብት ክርክር ረዘም ያለና ብዙ ማስረጃ የሚጠይቅ ነው። ሕጉ ነጠቃን በዚያው ቅጽበት መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገሩ ካደረ በኋላ ግን ገጀራ ይዞ መሄድ ባለመብቱን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። ሽማግሌ መላክና በጽሑፍ ማመልከት ጊዜ ሳያልፍ መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው የዘመኑ ፈተና የከተሞች መስፋፋት ነው። እንደ ዲላና ይርጋጨፌ ያሉ ከተሞች ሲያድጉ ዳር ያለው የቡና ማሳ ለቤት መሥሪያ ይፈለጋል። አንዳንዱ አርሶ አደር ችግር ሲያጋጥመው ማሳውን ቆርሶ በእጅ ወረቀት «ይሸጣል»፤ ገዢውም ሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል። ሕገ መንግሥቱ የመሬት ሽያጭን ስለሚከለክል እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት አይጸናም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የከተማ ቦታ ያለ ካሳ፣ በ7 የሥራ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲለቀቅ ደንግጓል። በዚህ ንግድ መጨረሻ ላይ ሻጭ ማሳውን፣ ገዢም ቤቱንና ገንዘቡን ያጣል። የሚጠቀመው መካከል የገባው ደላላ ብቻ ነው።

የሰፋሪ ማስወጣት ሕግ ሌላም ገጽታ አለው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተፈጠረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሕግ ሳይጠይቅ፣ ፍርድ ሳይሰጥ ሰው ከማሳው ሲነቀል ምን እንደሚደርስ የዞኑ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቃል። ከደረሰው መከራ ሁሉ ሰላምና እርቅ ይቀድማል። ተመላሹ «ይህ የእኔ ነው» የሚልበት ማስረጃ በቤቱ ብቻ ከነበረ ከቤቱ ጋር ይቃጠላል፤ በወረዳው መዝገብም ካለ ግን ይተርፋል። ያለ መብት የገባን ማስወጣት የሚገባውም በማስጠንቀቂያ፣ በመስማትና በፍርድ እንጂ በጉልበት መሆን የለበትም። በሚጪሌ በጉልበት የጸናው መብት ከ15 ዓመት በላይ አልቆየም።

ለአባላትና ለጽሕፈት ቤቶች

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ሕግ የሚጠብቀው በመዝገብ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ መዝገቡ እውነተኛው አራሽ የሰፈረበት፣ ዕለት በዕለትም የታደሰ መሆን አለበት። ደብተር አንድ ጊዜ ተወስዶ በሳጥን የሚቆለፍ ዕቃ አይደለም። አባት ሲሞት፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ፣ ማሳ ለልጅ በስጦታ ሲከፈል፣ በኪራይ ለሌላ ሲሰጥ ለውጡ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በኩል በወረዳው መዝገብ ላይ መስፈር ይኖርበታል። በሟች አባት ስም የቀረ ደብተር ለወንድማማቾች ጠብ፣ ለመበለቲቱም መገፋት በር ይከፍታል። ማሳን ለአበዳሪ በወለድ አገድ በቃል መስጠትም እንዲሁ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር አበዳሪው ባለይዞታ፣ ባለይዞታው ደግሞ ለማኝ ይመስላል።

በጽሕፈት ቤቶች በኩልም ኃላፊነት አለ። መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ የቀላድ ገመድ ጣይ ዓይነት እንዳይሆን፣ ከመጻፉ በፊት ጎረቤትንና አዋሳኝን ሊጠይቅ፣ ሚስትን ሊያቀርብ፣ የወላጅ አልባ ልጆችን ድርሻ ሊለይ ይገባዋል። ወሰኑ በካርታ የተደገፈው ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ባልተዳረሰባቸው ቀበሌዎች ሁሉ እንዲዳረስ ማድረግም ከብዙ የፍርድ ቤት ምልልስ ያድናል።

በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየንና አባል ማህበራቱም በዚህ ረገድ የሚያበረክቱት አለ። ለኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ሲባል የአባላት ዝርዝርና የማሳቸው ስፋት መያዙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን መጨፍጨፍን የሚከላከል ሕግም፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ቡናው የተመረተበት ማሳ የሚገኝበትን ትክክለኛ ነጥብ ይጠይቃል። የማህበር መዝገብ የይዞታ ደብተርን አይተካም። ሁለቱ ከተስማሙ ግን አባሉ በገበያውም በችሎቱም ፊት ይጠነክራል፤ ካልተስማሙም ስህተቱ ጠብ ሳይሆን በፊት ይታያል። የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ በሚደረግበት ጊዜ ስለ ዋጋና ትርፍ ክፍፍል ከሚነሳው ጋር ስለ ደብተር እድሳትም አንድ አጀንዳ ቢያዝ የሚጠፋ ጊዜ አይሆንም።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህ ክብር የተገኘው ከቀላድም፣ ከጭሰኝነትም፣ ከመፈናቀልም በኋላ እንሰቱንና ቡናውን ሳይለቅ በቆየው አርሶ አደር ድካም ነው። ያ አርሶ አደር ከአያቱ የወረሰውን ማሳ ለልጁ ሲያስተላልፍ ልጁ እንደገና «የማን መሬት ላይ ነህ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ፣ ስሙ ዛሬውኑ በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ የአባሉም፣ የማህበሩም፣ የመስተዳድሩም የጋራ ሥራ ነው።